«ሰርቪስ» ስለሚባለው ቃልና ስለ ባለቤቴ ቀኝ እግር

ለተከበሩ የክር ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
በሚገኙበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሁለቱም ጉልበቶችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት እግርዎን አነባብረው ተቀምጠው ከሆነ፣ እንዲያ መቀመጥ መቻል ራሱን የቻለ ጸጋ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውሳለሁ።

እኔ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ ነኝ። ደረጃውን ወጥተው ወደ ቢሮዎ ሲታጠፉ በግራ በኩል ያለችው፣ በሯ ሲከፈት የምታቃስተው ጠባብ ክፍል የእኔ ናት። ከመጡ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ገብተውባት አያውቁም፤ ነገር ግን የፈረሙት ወረቀት ሁሉ በእጄ አልፏል፤ ስለዚህ እርስዎ እኔን ባያውቁኝም እኔ እርስዎን በፊርማዎ አውቅዎታለሁ። ሲቸኩሉ ጭራዋ ታጥራለች፣ ሲቆጡ ወረቀቱን ትበሳለች። ባለቤቴ ደግሞ የሠራተኛ ማመላለሻውን አውቶቡስ ለሃያ ሁለት ዓመት የነዳው ሰው ነው። ከፋብሪካው በር እስከ ታችኛው መንደር ያለውን ቁልቁለት እንቁላል እንደጫነ ሰው ስለሚወርደው ሠራተኞቹ «ጋሽ ቀስታ» ይሉታል። ዛሬ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። እቤት ሆኖ መስኮቱን ሲያይ፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ ለማን ምን ያህል ምስጋና እንዳለብን ለማሰብ በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ በሥራዬ ልማድም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ የማመሰግንዎት ስለ ቃሉ ነው። እርስዎ ወደዚህ ፋብሪካ ከመምጣትዎ በፊትም «ሰርቪስ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እናውቃት ነበር፤ እንዲያውም ከራሳችን ቃላት ይልቅ በእሷ ላይ ብዙ ሸክም ጭነንባት ነበር። አውቶቡሱ ሰርቪስ ነው፤ ያረፈደ ሠራተኛ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ይላል። እኔና ባለቤቴ የምንኖርባቸው፣ ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎችም ሰርቪስ ናቸው። በፋብሪካው የቆየንበት ዘመን ሰርቪስ ነው፤ «ስንት ዓመት ሰርቪስ አለህ?» እንባባላለን። በክበቡ ሻይ የምታቀርበው ሴት ስኳርም ማንኪያም ስታጣ «ዛሬ ሰርቪስ የለም» ብላ መጋረጃዋን ትዘጋለች። መኪና ዘይቱ ተቀይሮ፣ ማጣሪያው ጸድቶ ሲወጣ ደግሞ «ሰርቪስ ተደረገ» ይባላል። ባለቤቴ ጨዋታ ሲያምረው «ሰርቪሱን ሰርቪስ አስደርጌ ወደ ሰርቪሴ እገባለሁ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ሳልሳሳት ስንት ሰዓት ላይ እራት ማቅረብ እንዳለብኝ እረዳው ነበር። ምክንያቱም ሁላችንም ስለ ምን እንደምናወራ እናውቅ ነበር። እርስዎ ግን ስለ ምን እንደምናወራ ሳያውቁ ስለምንናገርበት ቃል አሰቡልን።

2ኛ. በመጡ በሁለተኛው ወር ያወጡት ሰርኩላር አሁንም በቃሌ ነው። «‹ጥገና› የሚለው ቃል ፋብሪካው የተበላሸ ንብረት ያለው የሚያስመስልና ለገጽታችን የማይመጥን ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም የጥያቄ ቅጽ ላይ ‹ሰርቪስ› በሚለው እንዲተካ እናሳስባለን» ይላል። አንድ ሙሉ ፋብሪካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከብልሽት ሲፈወስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቁጥር የሰጠሁት፣ ማህተም የመታሁበት፣ ለአሥራ አራቱም ክፍሎች አባዝቼ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ይሁን እንጂ ለጋራዥ ሰዎች ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥገና ማለት የተበላሸ ነገር አለ፣ መኪናው ቆሞ ዛሬውኑ ይታይ ማለት ነው። ሰርቪስ ማለት ግን በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ተራ አለ፣ ተራው እስኪደርስ መኪናው ይነዳ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሊነግርዎት የደፈረ አልነበረም፤ የጠየቀዎትን ሰው ምን እንደሚያደርጉት አይታወቅምና። በዓመቱ መጨረሻ፣ የቦርድ አባላት የፊት ወንበር ይዘው በተቀመጡበት ስብሰባ፣ «በበጀት ዓመቱ አንድም የጥገና ጥያቄ አልቀረበም» ብለው ሲያበስሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። መዳፌ ሲቀላ ይታወሰኛል።

3ኛ. ጥያቄዎቻችንን ስላስተናገዱበት ትጋት ለሁሉም ክፍሎችዎ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ባለቤቴ የፍሬኑ ፔዳል ከልክ በላይ እየሰመጠ መሆኑን ያስተዋለ ዕለት፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ የጥገና ጥያቄ አቀረበ። የስምሪት ኃላፊው «ጥገና» የሚለውን ቃል በቀይ ሰርዞ መለሰለት። ማታ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ፤ «አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፣ እንደሚወዱት አድርገሽ ጻፊልኝ» አለኝ። እንደሚወዱት አድርጌ ጻፍኩለት። ቅጽዎ ለዝርዝር የተወው ቦታ ሁለት ጣት የማያስገባ በመሆኑ፣ ያረፈበት ቃል «ሰርቪስ እንዲፈቀድልኝ» የሚል ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከቤት ድልድል ኮሚቴ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ የሚለቀቅ የሰርቪስ ክፍል ስለሌለ በትዕግሥት እንዲጠብቅ ይመክረዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ የተቀበለው የሰው ኃይል አስተዳደር ነው፤ እነሱም ላበረከተው የሃያ ሁለት ዓመት ሰርቪስ አመስግነው፣ ዳሩ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ላኩለት። ባለቤቴ ወረቀቱን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ካየው በኋላ «ይህ እንኳን ፍሬን አይሆንም፤ ብቻ ያምራል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ መሳቅ ይቻል ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ጋራዡ ደረሰ፤ ተራውም ከሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሆነ። የጋራዡ ኃላፊ ባለቤቴን ወደ ጓሮ ወስዶ፣ «ጋሼ፣ ጥገና የሚል አምጣልኝና አሁኑኑ ጎማውን አወልቀዋለሁ። ሰርቪስ የሚል ይዘህ መጥተህ ያለ ተራህ ካስገባሁህ ግን የምባረረው እኔ ነኝ» አለው። ባለቤቴም «ጥገና የሚል ከየት ላምጣ? ቃሉን ሰረዙት እኮ» አለው። ሁለቱም ልጅ ያሳደጉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቃል መሐላቸው ገብቶ ተለያዩ።

4ኛ. ለባለቤቴ ስለሰጡት ቀጠሮና ስላሳዩት ቅርበት ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከቢሮዎ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ከተቀመጠ በኋላ፣ ለምሳ ሲወጡ አገኘዎት። የአሥር ዓመት ታላቅዎ ቢሆንም «አንተ» በማለት ባዕድነት እንዳይሰማው አድርገዋል። የፍሬኑን ነገር ሲያስረዳዎት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ሰርቪስ ማለት እኮ ሳይበላሽ የሚደረግ ነው። የአንተ ደግሞ መቼ ተበላሸ? እየነዳኸው መጣህ አይደል?» አሉት። እየነዳው መጥቶ ነበር፤ ልክ ነዎት። ያን ዕለት እቤት ገብቶ ጫማውን ሲፈታ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «ምን አለህ?» ብዬ ስጠይቀው «እየሄደ ስለሆነ ደህና ነው አለኝ» አለ። ከእንግዲህ ላለመንዳት አስቦ ነበር። ነገር ግን ቁልፉን ቢመልስ በማግሥቱ ሌላ ሰው እንደሚነዳው፣ ያ ሌላ ሰው ደግሞ የፔዳሉን ጠባይ እንደማያውቅ ያውቅ ነበርና ቁልፉን አልመለሰም።

5ኛ. የጋራዡ ተራ ገና ሳይደርስ፣ አንድ ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ተሳፈሩ። የሚከተለውን የነገረችኝ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጣ የነበረች ክር ፈታይ ናት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ባለቤቴ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ምንም የለም። ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ እንጂ አውቶቡሱ አልቆመም። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «ልጆቼ፣ ፍሬን የለኝም። ሁላችሁም ወደ ኋላ ሂዱና ወንበር አቅፋችሁ ያዙ» አለ። እሷ ደንግጣ «ጋሼ፣ አንተስ?» ስትለው፣ «እኔ መሪ ይዣለሁ» አላት።

መንገዱን በመስታወት ከተዘጋ መኪና ውስጥ ሆነው ስለሚያዩት ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል። ከቁልቁለቱ ግርጌ የትምህርት ቤት መሻገሪያ አለ፤ በዚያ ሰዓት ልጆች ይለቀቃሉ። በስተቀኝ ገደል ነው። በስተግራ፣ ሹፌር በሚቀመጥበት በኩል፣ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ። ባለቤቴ ግንቡን መረጠ። መንገዱን አቋርጦ የራሱን ጎን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ አውቶቡሱን እያስፋቀ፣ እያስፋቀ ወረደና ከመሻገሪያው በላይ አፍንጫው ግንቡ ውስጥ ተሰክቶ ቆመ። አንዲት ሴት የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፣ የሁለት ሰዎች ግንባር ተሰነጠቀ፤ ሠላሳ ስምንቱም በእግራቸው ወረዱ። ሠላሳ ዘጠነኛው አልወረደም፤ ቀኝ እግሩ ያንኑ ፔዳል እንደረገጠ ብረት ታጥፎበት ነበር። የጋራዡ ኃላፊ መቁረጫውን ይዞ ሮጦ ደረሰና አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እያለቀሰ ብረት ቆረጠ። ጋራዥዎ ለባለቤቴ አውቶቡስ ያለ ተራ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

6ኛ. ስላቋቋሙት የሦስት ሰው አጣሪ ኮሚቴ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ የጠለቀ ነው። ኮሚቴው ለእኔ በጻፈው ደብዳቤ «ተሽከርካሪውን በተመለከተ ‹ጥገና› በሚል ርዕስ ለመዝገብ ቤት የገባ ጥያቄ መኖር አለመኖሩ እንዲገለጽልን» ሲል ጠየቀ። ከሆስፒታል በመጣሁበት ልብሴ ተቀምጬ መልስ ጻፍኩ። እውነቱ የለም ነው፤ የለም ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱን የሰርቪስ ጥያቄዎች ግን ከነቁጥራቸው አያይዤ ላክሁ። አባሪዎቹ በማግሥቱ «ከተጠየቀው ውጭ የቀረበ» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎባቸው ተመለሱልኝ፤ መልሴ ግን እዚያው ቀረ። የኮሚቴው ሪፖርት እንዲህ ሲል ይደመድማል፦ «ሹፌሩ ስለ ብልሽቱ አንድም የጥገና ጥያቄ አላቀረበም፤ ይህም በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፊርማ ተረጋግጧል።»

ክቡር ሆይ፣ እውነት ጽፌ የሐሰት ምስክር የሆንኩት በእርስዎ አመራር ዘመን ነው። ባለቤቴ በቸልተኝነት ከሥራ የተሰናበተው በእኔ ፊርማ ነው። የስንብቱን ደብዳቤ አልጋው አጠገብ ሆኜ አነበብኩለት፤ መጨረሻው ላይ «ሰርቪሱን በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ» ይላል። ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደተከለ «የትኛውን?» አለኝ። አውቶቡሱን ነው ቤቱን? ወይስ ሃያ ሁለቱን ዓመት? ቃሉ የእርስዎ ስለሆነ ትርጉሙም እርስዎ ዘንድ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ።

ሦስቱን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሥራ ክርክር ሰሚ ቦርድ ሄድን። እዚያ የእርስዎ ጠበቃ «ሰርቪስ የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም ስላለው ደንበኛዬ ጥያቄው የፍሬን መሆኑን ሊያውቁ አይችሉም ነበር» ብሎ ተከራከረ። በዚህ ጊዜ ለእርስዎ ሊመሰክር የተጠራው የጋራዡ ኃላፊ ከወንበሩ ተነሣ። ማንም ሳይጠይቀው ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «የፍሬን መሆኑን ነግሮኛል። በቃሉ ነግሮኛል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ስለሆነ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ከእንጀራዬ በላይ እግሩን ማሰብ ነበረብኝ» አለ። ባለቤቴ ከተቀመጠበት ሆኖ እጁን ዘረጋለት። ያ ሰው ዛሬ በጋራዥዎ ውስጥ የለም፤ የት እንዳለ ያወቁ እንደሆነ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ለእሱ የማቀርበው ያለ ምንም አሽሙር ነው።

ቦርዱ ስንብቱን ሻረና «ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለስ» ሲል ወሰነ። እርስዎም ውሳኔውን ለማክበር ከነበረዎት ጉጉት የተነሣ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሹፌርነት ሥራው ተመልሶ አውቶቡስ እንዲረከብ ጻፉለት። አንድ እግር ያለው ሰው እንዴት እንደሚነዳ ደብዳቤው አያብራራም። አምስት ቀን ሳይገባ ሲቀር ደግሞ «ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረት» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መጣ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እናም ባለፈው ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ ገባ። የደንብ ልብሱን ተኩሼ አለበስኩት፤ የቀኝ እግሩን ሱሪ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያደረው ፈረቃ ተሳፍሮ ሊወርድ ሲል፣ በሁለት ምርኩዝ ግቢውን አቋርጠን በተሰበረው ምትክ የተመደበው አውቶቡስ አጠገብ ደረስን። አዲሱ ሹፌር ዘሎ ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ባለቤቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ፍሬኑ እንዴት ነው?» አለው። ሹፌሩ ወደ ተሳፋሪዎቹ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ወደ ግራ ይጎትታል፣ ጋሼ። ሰርቪስ ጠይቄያለሁ፤ ተራዬ ገና ነው» አለው።

ባለቤቴ በምርኩዙ የአውቶቡሱን በር ሁለት ጊዜ መታና «ውረዱ» አለ። ማንም ለምን አላለም። ቦርሳቸውን እያነሡ አንድ በአንድ ወረዱ፤ የመጨረሻው ሹፌሩ ራሱ ነበር፤ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ባለቤቴ ቁልቁለቱን ከፊት ሆኖ ጀመረው። ሁለት ወንዶች ሊሸከሙት ሲጠጉ «በራሴ ፍጥነት ልውረድበት» አላቸውና ሁሉም እርምጃቸውን ቀነሱለት። ግንቡ ጋ ስንደርስ፣ የተፋቀው ድንጋይ አጠገብ፣ ያቺ ክር ፈታይ ነጠላዋን አውርዳ ፊቱን ጠረገችለት፤ ላብ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። ታች ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ስመለስ በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ። የአዲሱን ሹፌር ቅጽ ከፋይሉ አውጥቼ «ሰርቪስ» የሚለውን ሰርዤ፣ በላዩ «የፍሬን ጥገና» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስሜን ሙሉ በሙሉ አስፍሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማህተም መትቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሠራተኞቹ ስድስቱንም ቀን በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው ወርደዋል፤ መዘውሮቹ በየቀኑ ዘግይተው ይነሣሉ፤ አውቶቡሱ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ነው። ወረቀቱም እንዲሁ። ሰርኩላሩን በጣስኩበት የሚመጣውን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጹ ላይ ይፈርሙ። ጭራዋ ብታጥርም ቅር አይለኝም።

ለሚወስዱት ጊዜ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ በጀርባዎ የሚደገፉበት ወንበር እንዳይጎረብጥዎት፣ የሚወርዱበት መንገድ ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎትና የሚረግጡት ነገር ሁሉ እንዲይዝልዎት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

እስከ ዛሬ ታዛዥዎ የነበርኩት
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሹፌሩ ሚስት

ግልባጭ፦
— ለሠላሳ ስምንቱ ተሳፋሪዎች
— ከጋራዥ ለተባረረው ሰው፣ ባለበት
— ለፋብሪካው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል የዚህን ሳምንት የጋራዥ ቅጾች ወደ ፋይላቸው ሳስገባ አንድ ወረቀት ዓይኔ ውስጥ ገባ። የእርስዎ መኪና ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋራዥ ገብታ ያንኑ ዕለት ከምሳ በፊት ወጥታለች፤ ችግሩ የፊት መስታወቷ የዝናብ መጥረጊያ መንጫጫቱ ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ መሆኑን አላነሣም። በጥያቄው ርዕስ ላይ፣ ወረቀቱን በበሳ ብዕር፣ በእርስዎ እጅ የተጻፈው ግን «አስቸኳይ ጥገና» የሚል ነው።